ስለ ድፍረትና ስለ ባልንጀራ

ሰው ነፍሱን ለአደጋ አሳልፎ ሊሰጥ የሚገባው መቼ ነው? ይህ ጥያቄ ለወታደርና ለሐኪም ብቻ የቀረበ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን በዘመናችን ለደስታና ለስም ብለው ወደ አደጋ የሚገቡ ሰዎች ስለ በዙ የሁላችን ጥያቄ ሆኖአል። ከእነዚህም መካከል በዓባይ ገደል ውስጥ በጎማ ጀልባ የሚወርዱት ይገኛሉ። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሰው፥ የራስ ቁር ደፍተው፥ መቅዘፊያ ጨብጠው፥ ውሃው በዐለት መካከል ነጭ አረፋ እየደፈቀ በሚወርድበት ስፍራ ራሳቸውን ለሞገዱ ይሰጣሉ። ከኋላቸው የሚያሳድዳቸው ጠላት የለም፤ በማዶም የሚጠብቃቸው እህል የለም። ታዲያ ስለ ምን ይወርዳሉ? መውረዳቸውስ ኃጢአት ነውን? ወይስ የሚመሰገን ጀግንነት ነው?

በዚህ ነገር ሁለት ፈጣን ፍርዶች ሲሰጡ እንሰማለን። አንዱ ወገን፥ «ነፍስን የሰጠ እግዚአብሔር ነውና በከንቱ ለአደጋ ማቅረብ ፈጣሪን መፈታተን ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ደፋር ሰው ባይኖር ኖሮ ዓለም ሳትታወቅ በቀረች ነበር» ብሎ ያሞግሳል። ሁለቱም ከእውነት ቁራጭ ይዘዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚመለከቱት በጀልባው ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ነው፤ በወንዙ ዳር የቆመውን ግን አንዳቸውም አላዩትም። እኛ ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ ልንመለከት እንወዳለን።

አስቀድመን ስለ ወንዙ እንናገር። ዓባይ ከጣና ሐይቅ ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ግን ወደ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህን ሁሉ ከፍታ የሚወርደው ጎጃምን እየከበበ በገደል ውስጥ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ራቀ በጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ተወርውሮ ይወድቃል፤ ከዚያም ጥልቅ ወደ ሆነው ሸለቆ ይገባል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ከደጋው አፋፍ እስከ ውሃው ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንደ ተባለ፥ ይህን ገደል ከአፋፉ ቆሞ የተመለከተ ሰው ሌላውን ወንዝ ሁሉ እንደ ምንጭ ቢቈጥር አይፈረድበትም።

ይህን ወንዝ በጀልባ ለመውረድ የሞከሩት ብዙዎች ናቸው፤ ዓመታቱንም በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠቅሳለን። በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ የብረት ጀልባዎች አዘጋጅቶ ወደ ውሃው ቢያወርድም ብዙ ሳይርቁ ዐለቱ ሰባበራቸው። ከእርሱ በኋላ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ውሃውን ትቶ ዳር ዳሩን በእግርና በበቅሎ እየተጓዘ የወንዙን ካርታ አዘጋጀ። በ1962 ስድስት የስዊስና የፈረንሳይ ሰዎች ወደ ሱዳን አቅጣጫ ሲወርዱ በሰፈሩበት ስፍራ ሌሊት ሽፍቶች አደጋ ጥለውባቸው ሁለቱ ሞቱ፤ የቀሩት በታንኳ አመለጡ። በ1968 ክረምት ደግሞ ሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው፥ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችና ሊቃውንት የተባበሩበት 60 ያህል ሰዎች ያሉት ጉባኤ በጎማና በሌሎች ጀልባዎች ታላቁን ገደል ወረደ። ከብዙ ዓመት በኋላም ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ2003 መጨረሻ ከግሽ ዓባይ ተነሥተው፥ በ114 ቀን ተጉዘው በ2004 ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ወገን ፍርድ እንመርምር። አደጋ ራሱ ኃጢአት ነውን? እንዲህ ብንል በመንፈቀ ሌሊት ወንዝ ተሻግራ ምጥ የያዛትን ሴት የምታዋልደውን አዋላጅ፥ ከጕድጓድ ገብቶ ድንጋይ የሚፈልጠውን ሠራተኛ፥ የጎረቤቱን ልጅ ከእሳት የሚያወጣውን ሰው ልንኰንን ነው። እነዚህን የሚኰንን የለም። ስለዚህ አደጋ ብቻውን አንድን ሥራ ክፉ አያደርገውም፤ በዚያው መጠን ደግሞ ብቻውን መልካም አያደርገውም። ሰው ከገደል አፋፍ በአንድ እግሩ ቢቆም አደጋው ታላቅ ነው፤ ምስጋናው ግን ምንም ነው።

ደግሞም በድፍረትና በእብደት መካከል ልዩነት መኖሩን በዚያው በጀልባ ሥራ ልንማር እንችላለን። ይህን ሥራ በሚገባ የሚያውቁ ሰዎች የውሃውን ብርታት ከ1 እስከ 6 በደረጃ ይመድባሉ፤ 6ኛው ደረጃ ለሕይወት እጅግ የሚያሰጋው ነው። ጀልባው በውስጡ በክፍል በክፍል የተለያየ ስለ ሆነ አንዱ ክፍል ቢቀደድ የቀሩት አንሳፍፈው ይይዙታል። ብልህ መሪ የውሃውን ጩኸት ከሩቅ በሰማ ጊዜ ጀልባውን ወደ ዳር ያስጠጋል፤ በእግሩም ወደ ፊት ሄዶ ከዐለት ላይ ቆሞ ይመለከታል። ውሃው ከዐለቱ በስተኋላ ወደ ራሱ ተመልሶ የሚሽከረከርበትን ስፍራ ይለያል፤ እንዲህ ያለው ስፍራ ሰውን ይዞ አይለቅምና። መንገድ ካለ ይወርዳል፤ መንገድ ከሌለ ግን ጀልባውን አሸክሞ በየብስ ያልፋል። እርሱን ፈሪ የሚለው ሞኝ ብቻ ነው። በእውነት፥ ከዐለቱ ላይ ቆሞ «በዚህስ አንወርድም» ለማለት የሚያስፈልገው ልብ ለመውረድ ከሚያስፈልገው ልብ አያንስም፤ ብዙ ጊዜም ይበልጣል፤ ባልንጀሮቹ ሁሉ ለመውረድ እየቸኰሉ ነውና።

ጌታችን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ቆሞ ራሱን ወደ ታች እንዲጥል በተጠየቀ ጊዜ እምቢ አለ። ያው ጌታ ግን ሞት ወደሚጠብቀው ወደ ኢየሩሳሌም ፊቱን አቅንቶ ሄደ። አደጋ በሁለቱም ስፍራ ነበረ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ከመቅደሱ ጫፍ ቢዘል በመዝለሉ የሚድን አንድ ሰው አልነበረም፤ አይቶ የሚደነቅ ሕዝብ ብቻ ነበረ። እንግዲህ ድፍረትን የምንመዝነው በገደሉ ጥልቀት አይደለም፤ ስለ ማን እንደ ተደረገ በመጠየቅ ነው።

«ታዲያ ደስታ ሁሉ ኃጢአት ሊሆን ነውን?» የሚለን ይኖራል። እንዲህ አንልም። የገደሉን ውበት የሠራ እግዚአብሔር ነው፤ ሰው በእርሱ ሥራ ቢደሰት፥ ክንዱን ከውሃ ጋር ቢፈትን፥ በማታም ደክሞ በአሸዋ ላይ ቢተኛና ከዋክብትን ቢቈጥር የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። የሚነቀፍበት ስፍራ ሌላ ነው፤ ይኸውም የደስታውን ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን ነው።

የዳዊትን ታሪክ እናስታውስ። ዳዊት በምሽጉ ሳለ ከቤተ ልሔም ጕድጓድ ውሃ ለመጠጣት ተመኘ። ምኞቱን የሰሙ ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው አልፈው ውሃውን ቀድተው አመጡለት። ዳዊት ግን ሊጠጣው አልወደደም፤ በዋንጫው ውስጥ ያየው ውሃ የሰዎቹ ደም መስሎ ታይቶታልና በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰው። ውሃ መመኘቱ ኃጢአት አልነበረም። ነገር ግን የምኞቱን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ ባወቀ ጊዜ ደስታው በአፉ ውስጥ ሞተ።

ለደስታም ሆነ ለዕውቀት ወደ ገደል የሚወርድ ሰው ሁሉ ይህን ዋንጫ መመልከት ይገባዋል። በ1968ቱ ጉዞ ከቡድኑ አንዱ የነበረው ኢያን ማክሎይድ የዓባይ ገባር የሆነ አንድ ወንዝ በገመድ ታስሮ ሲሻገር ጎርፍ ወስዶት ቀረ። እርሱ ወታደር ነበረ፤ ወዴት እንደሚሄድም ያውቅ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ባለው ጉዞ ውስጥ ስማቸው የማይጻፍ ሌሎችም አሉ፤ ስንቅ የሚሸከሙ፥ አህያ የሚነዱ፥ ቁልቁለቱን የሚመሩ፥ ሌሊት እሳት አንድደው የሚጠብቁ የአገሩ ሰዎች ናቸው። ባለ ገንዘቡ ለደስታው ሲወርድ እነርሱ ለቀን ዋጋ ይወርዳሉ። እርሱ ሲፈራ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል፤ እነርሱ ግን ፍርሃታቸውን ለመናገር አቅም የላቸውም፤ ሥራው ይቀርባቸዋልና። የሌላው ሰው እምቢ ለማለት በማይችልበት ስፍራ የእኔ ድፍረት ድፍረት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። በቤት የቀረችውን እናትና ሚስት ደግሞ እንጨምር፤ እነርሱ በጀልባው አልተቀመጡም፥ ነገር ግን የሚመጣው ወሬ ክፉ ከሆነ ዕዳውን ዕድሜ ልካቸውን የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው።

አሁን ዐይናችንን ወደ ወንዙ ዳር እናንሣ። የዓባይ ዳር ሕዝብ ይህን ውሃ ለመሻገር ጀልባ እስኪመጣለት አልጠበቀም። ከጥንት ጀምሮ በተነፋ ስልቻ ላይ ደረቱን አስደግፎ በዋና ሲሻገር ኖሮአል። የባሕር ማዶው ሰው በአየር በተነፋ ጎማ፥ የእኛ ሰው በአየር በተነፋ ቆዳ፤ ዘዴው አንድ ነው። ልዩነቱ ግን የአንዱ ስም በመጽሐፍ ተጽፎ የሁለተኛው አለመጻፉ ነው። አንዱ ለመውረድ ፈልጎ ወረደ፤ ሌላው ሳይፈልግ ተሻገረ፤ ጨው፥ መድኃኒትና ዘመድ በማዶ ነበሩና።

በሞጣ በኩል ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። በ1660 ገደማ በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው። በኢጣልያ ጦርነት ዘመን መካከሉ ስለ ፈረሰ ሕዝቡ «ስባራ ድልድይ» ብሎ ጠራው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በፈረሰው ክፍል በዚህና በዚያ ወንዶች እየቆሙ፥ መንገደኛውን በገመድ አንጠልጥለው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሁለተኛው ጫፍ ይስቡ ነበር። ከበታች የሚጮኸው ያው ዓባይ ነው። እነዚህ ገመድ ሳቢዎች በየዕለቱ የሰው ነፍስ በእጃቸው ይይዙ ነበር። ስንት ሰው እንዳሻገሩ የቈጠረላቸው የለም፤ «የመጀመሪያዎቹ» ብሎም የሸለማቸው የለም።

ደግሞም ከደጋችን የሚወርደው ውሃ ዓባይ ብቻ አይደለም። ከጣና በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ሱዳን የሚወርድ፥ በዚያም ራሃድ ተብሎ የሚጠራ ወንዝ አለ። በገዳሪፍ ሜዳ በመፋዛ በኩል አልፎ በዋድ መዳኒ አቅራቢያ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። በበጋ ደርቆ ኩሬ ኩሬ ብቻ ይቀርለታል፤ ክረምት ሲገባ ግን የደጋው ዝናብ ሞልቶት ይወርዳል፥ በዙሪያው ያለው ዋልካ መሬትም እግርና ጎማ የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። በመፋዛ ጀልባ ይዞ ለደስታ የሚመጣ መንገደኛ አናይም። ወደዚያ አገር ከደጋችን ሲወርዱ የኖሩት ለማሽላና ለሰሊጥ እርሻ ጉልበታቸውን የሚሸጡ ወንዶች ናቸው። እነርሱም የሞላ ወንዝ ሲገጥማቸው የውሃውን ደረጃ ከ1 እስከ 6 አይመድቡም፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያም የላቸውም። የያዙት የቤታቸውን ችግር ብቻ ነው።

ከዚህም የከፋውን ዘመናችን አሳይቶናል። በ2020 መጨረሻ በሰሜን አገራችን ጦርነት በተነሣ ጊዜ በዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ተከዜን በታንኳና በእግር ተሻግረው ሐምዳይት ወደምትባለው የሱዳን መንደር ገቡ፤ ብዙዎቹም በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ ሰፈሩ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ በ2023፥ ጦርነት በካርቱም ፈነዳና የሸሹት ሰዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ። ትናንት ያስጠለለው ዛሬ መጠለያ ለማኝ ሆነ። በታንኳ ውስጥ ልጅዋን ታቅፋ ተከዜን የተሻገረችው እናት ከማንኛውም ቀዛፊ የበለጠ አደጋ አይታለች፤ ነገር ግን ማንም ደፋር ብሎ አልጠራትም፤ ስደተኛ ብቻ ተባለች።

እነዚህን በጀልባ ከሚወርዱት ጋር የምናስተያየው ቀዛፊውን ልናሳፍር ብለን አይደለም። የእርሱ ከጀልባ መውጣት ለስደተኛዋ ድልድይ አይሆንላትም። ነገር ግን አንዱ ሞገድን እንደ ጨዋታ የሚሻው፥ ሌላው እንደ ሞት የሚሸሸው መሆኑን ያወቀ ሰው፥ በዚያ ውሃ ላይ በትዕቢት ሊጫወት አይችልም። ቢጫወትም ዐይኑ ወደ ዳር ይመለከታል።

ዐይን ወደ ዳር በተመለከተ ጊዜ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ እውነተኛ ነገር እንጥቀስ። በ1999 ጸሐፊቱ ቨርጂኒያ ሞረልና ፎቶግራፍ አንሺዋ ኔቫዳ ዊየር ከጣና እስከ ሱዳን ድረስ በጎማ ጀልባ ዓባይን ወረዱ። በዚያ ጉዞ ዊየር በስባራ ድልድይ ላይ ሰዎች እርስ በርሳቸው በገመድ ሲሳሳቡ ፎቶግራፍ አነሣች፤ ሥዕሉም በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬኔት ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ሥዕል ባየ ጊዜ መጽሔቱን ዘግቶ ወደ ሥራው አልተመለሰም። ድልድይ ለሌላቸው ድኾች ድልድይ የሚሠራ ማኅበር አቋቋመ፤ ፈቃደኛ ሰዎች መጥተው የፈረሰውን ክፍል ጠገኑ፤ በ2009ም ከጎርፍ በላይ የሚያልፍ የገመድ ድልድይ በዚያ ተሠራ። ማኅበሩም በሌሎች አገሮች ብዙ ድልድዮችን ሠርቶአል።

በዚህ ስፍራ ተጠንቅቀን እናስብ። «እንግዲያስ የጀልባው አደጋ ፍሬ አፈራ፤ ስለዚህ ጽድቅ ነው» ልንል እንፈተናለን። ነገር ግን ድልድዩን የሠራው ሞገዱ አይደለም። ያን ስባራ ድልድይ በእግሩ የሄደ መንገደኛም ሊያየው ይችል ነበር፤ አይተውት ያለፉም ብዙዎች ናቸው። ፍሬ ያፈራው ማየቱ ነው። ከአደጋው የወጣች አንዲት ሴት የራስዋን ጀግንነት ብቻ ሥላ አልተመለሰችም፤ በዳር የቆሙትን ሰዎች ሥላ ተመለሰች። በሩቅ አገር በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ፥ አንድ ሞገድ ሳይነካው፥ የዚያን ሥዕል ዕዳ በራሱ ላይ ተቀበለ። ከሁለቱ የማንኛው ድፍረት ይበልጣል? ገንዘቡንና ዕድሜውን ለማያውቀው ሰው መሻገሪያ ለመስጠት የወሰነው ሰው ከገደሉ ውስጥ ካሉት ከማናቸውም አያንስም ብለን እናምናለን።

በስም ለሚደክሙም አንድ ነገር እንጨምር። በ1968 የነበረው ወንዝ ዛሬ እንደ ነበረ አይደለም። በጉባ በ2011 የተጀመረው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2025 ተመርቆአል፤ ከበስተኋላውም ንጋት የተባለው ሐይቅ ተኝቶ የታችኛውን ገደል ከፊል ሸፍኖታል። ጀልባዎች በጩኸት ይወርዱበት የነበረው ስፍራ ዛሬ ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ሞገድን በማሸነፍ የተገኘ ስም ሞገዱ ሲጠፋ ምን ላይ ይቆማል? ለባልንጀራ የተደረገ ነገር ግን፥ ድልድዩ እንኳ አንድ ቀን ቢፈርስ፥ በተሻገረው ሰው ሕይወት ውስጥ ይኖራል።

እንግዲህ ወደ አደጋ ሊገባ ለሚወድ ወጣት፥ በወንዝም ቢሆን፥ በተራራም ቢሆን፥ በስደት መንገድም ቢሆን፥ ሦስት ጥያቄዎች እናቀርብለታለን። መንገዱን ከዐለቱ ላይ ቆመህ አይተኸዋልን? አንተ ብትወድቅ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ስትመለስስ ከራስህ ስም በቀር ለማን ምን ይዘህ ትመለሳለህ? ለእነዚህ ሦስቱ በንጹሕ ኅሊና መልስ ካለው በሰላም ይሂድ፤ እኛም አንከለክለውም። መልስ ከሌለው ግን ጀልባውን ወደ ዳር ያስጠጋ።

በቤታችን የተቀመጥነውን ደግሞ ጥያቄው አያልፈንም። ወደ ገደል አለመውረዳችን ብቻውን አያጸድቀንም። በየደጋችን ክረምት ሲገባ የሚሞሉ ትናንሽ ወንዞች አሉ። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች በእነርሱ ዳር ቆመው ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃሉ፤ የታመመ የያዙ ሰዎች ቃሬዛውን ትከሻ ላይ እንደ ያዙ ያድራሉ። ያን ዳር የሚያውቀው ባሕር ማዶ ያለ ፎቶግራፍ አንሺ አይደለም፤ እኛ ነን። እያንዳንዱ ማኅበረ ምእመናን በአካባቢው ሰው የሚወስደው መሻገሪያ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል። ግንድ የሚቈርጥ፥ ድንጋይ የሚጠርብ፥ ገመድ የሚጎነጉን ሰውም አያጣም። እንግዲህ ይህ ሥራ እስከሚቀጥለው ዓመት አይቆይ፤ ውሃው ሳይሞላ፥ በበጋው ይጀመር።